ወደ ኋላ መውጣት፦ የፖርሽ 911 አፍቃሪዎች በለውጥ ላይ ያሰሙት ቅሬታና ውጤቱ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በማርች 1998 በጀርመን ሽቱትጋርት፣ ዙፈንሃውዘን ከሚገኘው የፖርሽ ፋብሪካ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የተገጠመለት የመጨረሻው 911 ተሠርቶ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተተኪው በውኃ የሚቀዘቅዝ ሲሆን በ1997 መጸው በፍራንክፈርት የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ሁለቱ መኪኖች አንድ ስም ይጋራሉ። በሁለቱም ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ ተቀምጧል፤ በሁለቱም የጣሪያው መስመር ወደ ኋላ በዝግታ ያዘቀዝቃል። አዲሱ ሰፋ ያለ፣ ፈጣንና ለመንዳትም የቀለለ ነበር። ይሁን እንጂ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላም ያ ወቅት በአፍቃሪዎቹ ዘንድ እንደ ድንበር ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራውን «እውነተኛ 911» ብለው ለመጥራት ፈቃደኛ ያልሆኑ ዛሬም አሉ።

ስለዚህ ዓይነቱ ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ማብራሪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ነገሩን በናፍቆት ይተረጉመዋል፤ ሰው በወጣትነቱ የተመኘውን ይወዳል፣ ስለዚህም አዲሱን ይጠላል ይላል። ሁለተኛው አፍቃሪውን እንደ ጥራት ዘብ ያየዋል፤ አምራቹ ለትርፍ ሲል የሚያበላሸውን እርሱ ይጠብቃል ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ቢኖራቸውም አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። ቅሬታው አንዳንድ ጊዜ አምራቹን ውሳኔውን ሲያስቀለብሰው፣ ሌላ ጊዜ ግን ለአሥርተ ዓመታት እየተደጋገመ አንዳች ሳይለውጥ የሚቀረው ለምንድን ነው?

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የ911 አፍቃሪ በአዲሱ ሞዴል ቅር ሲሰኝ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ሌላ አምራች ሳይሆን ወደዚያው አምራች የቀድሞ ሥራ ነው። ይህን አካሄድ «ወደ ኋላ መውጣት» ብዬዋለሁ። ቅሬታው በአምራቹ ዘንድ ተሰሚነት የሚያገኘውም በጩኸቱ ብርታት ሳይሆን፣ ይህ መውጣት በአሮጌ መኪኖች ገበያ ላይ በሚተወው የዋጋ ምልክት መጠን ነው፤ ያውም አምራቹ በምልክቱ ውስጥ መልሶ ሊሠራውና ሊሸጠው የሚችል ነገር ካገኘ ብቻ።

ጽሑፉ የተመሠረተው በኩባንያው ይፋዊ መግለጫዎች፣ በመኪና መጽሔቶችና ስለ ሞዴሉ በታተሙ ታሪኮች ንባብ ላይ ነው። መኪናውን ነድቼ አላውቅም። ይህ ጉድለት ስለ መሪው ስሜት የሚነገረውን በራሴ እጅ እንዳላረጋግጥ ከልክሎኛል፤ ምናልባት ግን ከተከራካሪዎቹ የአንዱ ወገን ከመሆንም አድኖኛል።

የሂርሽማን ሐሳብና የጎደለው በር

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተሙት «መውጣት፣ ድምፅና ታማኝነት» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ የአንድ ድርጅት ምርት ወይም አገልግሎት ሲበላሽ ደንበኛው ሁለት መንገድ እንዳለው ያስረዳሉ። አንደኛው ትቶ ወደ ተወዳዳሪው መሄድ፣ ማለትም መውጣት ነው። ሌላው ሳይሄዱ ቅሬታን መግለጽ፣ ማለትም ድምፅ ማሰማት ነው። ታማኝነት በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ መውጣትን ያዘገያል፣ ድምፅንም ያበረታል።

ለመጽሐፉ መነሻ ከሆኗቸው ምልከታዎች አንዱ የናይጄሪያ ምድር ባቡር ነው። ባቡሩ የጭነት መኪና ውድድር ቢገጥመውም ሊሻሻል አልቻለም። ሂርሽማን ያገኙት ምክንያት አጥብቀው ሊከራከሩ የሚችሉት ደንበኞች ቀድመው ወደ ጭነት መኪና መዞራቸው ነበር። ማለትም መውጫው ቅርብ በመሆኑ ድምፁ ጠፋ። የመንግሥት ድርጅቶችን አገልግሎት ለሚያጠና የአፍሪካ ተመራማሪ ይህ ምሳሌ ብዙ ይናገራል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው።

በባቡሩ ምሳሌ ውስጥ ያለፈው ዓመት አገልግሎት ዛሬ ሊገዛ አይችልም። ትናንት በሰዓቱ የደረሰው ባቡር ጉዞውን ጨርሷል፤ ቅር የተሰኘው ነጋዴ ሊመለስበት አይችልም። መኪና ግን ይቀመጣል። ፖርሽ እስከ ዛሬ ከሠራቸው መኪኖች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት አሁንም መንገድ ላይ እንዳሉ ኩባንያው ይናገራል፤ ለቀድሞ ሞዴሎች መለዋወጫ የሚያቀርብ የራሱ ክፍልም አለው። ስለዚህ በአዲሱ ሞዴል የተከፋ ሰው፣ ሂርሽማን ከቆጠሯቸው ሁለት በሮች ሌላ ሦስተኛ በር ይከፈትለታል፤ ስሙን ሳይተው ዘመኑን መተው ይችላል። በር ከፋቹም ራሱ አምራቹ ነው።

ያልተቋረጠ የሚመስለው መስመር

ስለ ለውጥ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ «በመጀመሪያ የነበረው» አንድ ቋሚ ነገር እንደሆነ አድርጎ ይጀምራል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። መኪናው በ1963 በፍራንክፈርት ሲቀርብ ስሙ 901 ነበር። ፔጆ በመካከላቸው ዜሮ ያላቸውን ባለሦስት አኃዝ ቁጥሮች የመጠቀም መብት የእኔ ነው ብሎ በመቃወሙ በ1964 ቁጥሩ 911 ሆነ። ዛሬ እንደ ቅዱስ ምልክት የሚታየው ስም እንግዲህ በአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ደብዳቤ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ሞተር ሁለት ሊትር፣ 130 የፈረስ ጉልበት ነበር። ሞተሩ ከኋላ በመንጠልጠሉ መኪናው በኩርባ ላይ ጀርባውን የመጣል ጠባይ ስለነበረው፣ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በ57 ሚሊ ሜትር እንዲረዝም ተደረገ። ከ1974 ሞዴል ጀምሮ የአሜሪካን የደኅንነት ደንብ ለማሟላት ወፋፍራም ፓራውልቶች ተገጠሙለት። በ1989 ሞዴል ደግሞ፣ የቀድሞው መልክ በአብዛኛው ሳይነካ፣ ኩባንያው እንደገለጸው 85 በመቶው ክፍል አዲስ ሆነ፤ በጠማዛ ብረት ዘንግ ይሠራ የነበረው የጎማ እገዳም በጥቅል ሞላ ተተካ።

ከነዚህ ለውጦች ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን መኪናው ጨርሶ ሊቀር የነበረበት ጊዜ ነው። በ1970ዎቹ የኩባንያው ኃላፊ የነበሩት ኤርንስት ፉርማን 911 ዘመኑን እንደጨረሰ ያምኑ ነበር። ተተኪ ይሆናል ተብሎ የታሰበው 928 በ1977 ቀረበ። ሞተሩ ከፊት የተቀመጠ፣ ባለስምንት ሲሊንደርና በውኃ የሚቀዘቅዝ ነበር። በምህንድስና ረገድ የሚናቅ አልነበረም፤ በ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። ገዢዎች ግን 911ን መግዛታቸውን ቀጠሉ። በ1981 መጀመሪያ ኃላፊነቱን የተረከቡት ፒተር ሹትዝ በኋላ እንደተረኩት፣ በኩባንያው ውስጥ ያገኙት የሠራተኛ መንፈስ የተሰበረ ነበር፤ ምክንያቱም የሚወዱት መኪና ሊቀር መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። በምህንድስና ኃላፊው በሄልሙት ቦት ቢሮ ግድግዳ ላይ የሞዴሎቹን ዕድሜ በመስመር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበር፤ የ911 መስመር በ1981 ማብቂያ ላይ ይቆማል። ሹትዝ ብዕር አንሥተው መስመሩን ከወረቀቱ አልፈው በግድግዳው ላይ እስከ በሩ ድረስ አስረዘሙት።

አፍቃሪዎች ይህን ታሪክ እንደ ድል ይተርኩታል። ለእኛ የሚበጀው ነጥብ ግን ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ አሮጌው 911 በአዲስነቱ ከፋብሪካ ይሸጥ ስለነበር፣ ደንበኛው 928ን እምቢ ሲል ገንዘቡ የሚገባው ወደዚያው ኩባንያ ካዝና ነበር። ተቃውሞው በአምራቹ መዝገብ ላይ በቀጥታ ተጻፈ። ከ1998 በኋላ ይህ ሁኔታ ተለወጠ።

የውኃው ጉዳይ

በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ50 ሺህ በላይ መኪኖች ይሸጥ የነበረው ኩባንያ በ1992/93 የበጀት ዓመት ሽያጩ ወደ 14 ሺህ አካባቢ ወረደ። ነጻ ኩባንያ ሆኖ መቀጠሉ አጠራጣሪ ነበር። ኃላፊው ቬንደሊን ቪዴኪንግ በቶዮታ የአመራረት ሥርዓት የሠለጠኑ ጃፓናውያን አማካሪዎችን ወደ ፋብሪካው አስገቡ፤ ሁለት አዳዲስ ሞዴሎችም በርካታ ክፍሎችን ተጋርተው እንዲሠሩ ተወሰነ። አንዱ በ1996 የወጣው ርካሹ ቦክስተር ነው። ሌላው በውስጥ መለያ ቁጥሩ 996 ተብሎ የሚታወቀው አዲሱ 911 ነው። ሁለቱ የፊት ገጽታቸውንና በሮቻቸውን ሳይቀር ተጋሩ።

በአየር ማቀዝቀዝ ለምን ተተወ? ሞተሩ ብዙ ኃይል እንዲሰጥና ጭሱ ንጹሕ እንዲሆን በየሲሊንደሩ አራት ቫልቭ ማድረግ አስፈላጊ ሆነ። በአራት ቫልቮች መካከል የሚፈጠረውን ሙቀት ግን አየር ብቻውን በበቂ ሁኔታ ሊያስወግደው አይችልም። በተጨማሪም በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚዞር ውኃ ድምፅን ያፍናል፤ የድምፅ ደንቡም በየጊዜው እየጠበቀ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር። አፍቃሪዎች ሁሉ የሚያከብሩት የ1980ዎቹ ፖርሽ 959 ሲሊንደሮቹ በአየር ቢቀዘቅዙም የሲሊንደር ራሶቹ በውኃ ይቀዘቅዙ ነበር። ስለዚህ «ውኃ የገባበት ፖርሽ አይደለም» የሚለው አባባል ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። የሚያናድደው ውኃው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ምን ነበር እንግዲህ? በዘመኑ የተነገሩትን ቅሬታዎች ስንለያይ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው እናገኛለን። የመጀመሪያው መልክ ነው። ዋናውን መብራት፣ ፍሬቻውንና የጭጋግ መብራቱን በአንድ ቅርጽ ያካተተው የፊት መብራት «የተጠበሰ ዕንቁላል» የሚል ቅጽል ተሰጠው። ቅጽሉ ስለ ውበት ብቻ አይመስለኝም። የከፍተኛው ዋጋ ባለቤት ከኋላው የሚመጣውን መኪና በመስታወቱ ሲያይ የርካሹን ሞዴል ፊት ያያል፤ ርካሹን የገዛውም የእርሱን። ጉዳዩ የማዕረግ ነበር። ኩባንያውም በዚህ ረገድ ፈጥኖ ምላሽ ሰጠ፤ በ2002 ሞዴል የ911 የፊት መብራት ከቦክስተር እንዲለይ ተደረገ፣ በ2004 በወጣው ቀጣይ ትውልድ ደግሞ ክቡ መብራት ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

ሁለተኛው ቅሬታ ድምፅና ጠባይ ነበር። ይህን ለመረዳት የአዲስ አበባ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በከተማችን ጎዳናዎች ለዘመናት የኖረችው ቮልስዋገን፣ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሌላት፣ ከማየታችን በፊት በድምፅዋ የምናውቃት መኪና የዚሁ ቤተሰብ ታላቅ ናት፤ ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፏት ሲሆን በ1948 የተሠራው የመጀመሪያው ፖርሽም ከእርስዋ ክፍሎች ተውሷል። ያን ደረቅ የብረት ድምፅ የሚያውቅ ሰው፣ በውኃ ሲታፈን የሚጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ይገባዋል። ይህ ቅሬታ ግን ምላሽ አላገኘም፤ ሊያገኝም አይችልም ነበር። ደንቡን ጥሶ ወደ ኋላ የሚመለስ አምራች የለም።

ሦስተኛው ቅሬታ የመጣው ዘግይቶ ነው። በአዲሱ ሞተር ውስጥ የሚገኘው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ሲሰበር ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ያወድም ነበር። በአሜሪካ የተወሰኑ ሞዴሎችን የሚመለከት የጋራ ክስ ተመሥርቶ በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል። ከቅሬታዎቹ ሁሉ በቴክኒክ ረገድ ጠንካራ መሠረት ያለው ይህ ነው። ሆኖም በክርክሩ ውስጥ የያዘው ቦታ ያስገርማል። ከጊዜ በኋላ የተገኘ ጉድለት ሆኖ ሳለ፣ ቀድሞ ለነበረው ጥላቻ እንደ ማስረጃ ቀረበ። «ያኔም ብለን ነበር» የሚለው አነጋገር ምንም እንኳ ያኔ የተባለው ስለ ኩሽኔታ ባይሆንም ብዙዎችን አሳመነ።

የኩባንያው መዝገብ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። 996 ከ170 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው 993 ግን 70 ሺህ አልሞላም። አፍቃሪው አብዝቶ የጠላው ሞዴል አፍቃሪው የሚወደውን ስም ከሞት ያዳነው ነው። ይህን አያዎ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በሂርሽማን ቋንቋ ስንናገር፣ ነባሮቹ ድምፅ ሲያሰሙ አዲስ ደንበኞች ገቡ፤ የገቡት ቁጥር ስለበለጠ ድምፁ በሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ አልታየም።

ወደ ኋላ የወጡት የት ደረሱ?

ነባሮቹ ግን የትም አልጠፉም። ወደ 993፣ ከዚያም ወደ ቀደሙት ሞዴሎች ሄዱ። ውጤቱ በዋጋ ላይ ታየ። ለረጅም ዓመታት 996 ሊገዛ ከሚችለው 911 ሁሉ ርካሹ ሲሆን፣ በዕድሜ የሚበልጠው 993 ከእርሱ እጅግ ይወደድ ነበር። በ2014 በሎስ አንጀለስ በአየር ለሚቀዘቅዙ የፖርሽ መኪኖች ብቻ የሚዘጋጅ ትርዒት ተጀመረ፤ ስሙ «ሉፍትገኩልት» በጀርመንኛ «በአየር የቀዘቀዘ» ማለት ነው። የድንበሩ ስም የጉባኤው ስም ሆነ። በካሊፎርኒያ በ2009 የተመሠረተው ሲንገር የተባለ ድርጅት ደግሞ ከ1989 እስከ 1994 የተሠራውን 911 እየፈታ፣ የቀደመውን ዘመን መልክ አልብሶ እንደገና ይገነባል፤ ዋጋውም ከአዲስ 911 በብዙ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ሲንገር መሠረት የሚያደርገው ሞዴል 85 በመቶው ተለወጠ የተባለው ያው ሞዴል ነው፤ በዘመኑ ከብዷል፣ ለስልሷል ተብሎ ይተች የነበረ። ዛሬ «እውነተኛ» ከሚባለው ወገን ተቆጥሯል። እውነተኛነት በመኪናው ውስጥ የተቀመጠ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን ባልቻለ ነበር። እውነተኛነት የሚሰጠው ቀጥሎ ከሚመጣው ለውጥ አንጻር፣ ወደ ኋላ በማየት ነው። ይህን ስል ግን አፍቃሪዎቹ ራሳቸውን ያታልላሉ ማለቴ አይደለም። በየለውጡ የሚጠፋ ነገር በእርግጥ አለ። የሚጠፋው ምን እንደነበረ በውል የሚታወቀው ግን ከጠፋ በኋላ ነው።

የማርሽ እንጨት መመለስ

ከላይ የቀረበውን መከራከሪያ ለመፈተን ከሁሉ የሚሻለው በ2013 እና በ2017 መካከል የሆነው ነው። በ2013 ለውድድር ሜዳ የቀረበው የ911 ዓይነት፣ ጂቲ3፣ ማንዋል ካምቢዮ ሳይኖረው ወጣ። ኩባንያው ያቀረበው ባለሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ከማንኛውም ሰው እጅ ይልቅ ፈጥኖ ማርሽ ይቀይራል። የጂቲ3 ዓላማ ፍጥነት ከሆነ ክርክሩ በዚህ ማብቃት ነበረበት።

አላበቃም። ቅሬታው ስለ ፍጥነት አልነበረምና። የአፍቃሪዎቹን ጽሑፍ ሳነብ ደጋግሜ ያገኘሁት ሐሳብ፣ መኪናው የሚሠራው ሳይሆን እኔ የምሠራው ቀነሰ የሚል ነው። ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ፣ ቀኝ እጅ ማርሽ ላይ የነበራቸው ድርሻ ተወስዷል። ከ1998ቱ ቅሬታ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በአየር ማቀዝቀዝ የመኪናው ባሕርይ ነው፤ ማርሽ መቀየር ግን የሰው ድርጊት ነው። የመጀመሪያው በደንብና በፊዚክስ ተዘግቷል፤ ሁለተኛውን ግን የሚከለክል ሕግ የለም።

በ2016 ኩባንያው 911 አር የተባለ ሞዴል በ991 ቁጥር ብቻ አወጣ። የጂቲ3 ዓይነት ሞተር፣ ቀላል አካልና ማንዋል ካምቢዮ ብቻ ነበረው። ገና ለባለቤቶቹ ከመድረሱ በሻጮች የሚጠየቅበት ዋጋ ከፋብሪካው ዋጋ በብዙ እጥፍ ሆነ። የኩባንያው አንድም ሳንቲም ያልነካው ይህ ትርፍ ከማንኛውም ደብዳቤ የበለጠ ጮኸ። በ2017 የታደሰው ጂቲ3 ማንዋል ካምቢዮን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በምርጫ ይዞ ተመለሰ።

ድምፅና መውጣት በሂርሽማን አቀራረብ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። እዚህ ግን መውጣቱ ራሱ ድምፅ ሆነ፤ የተናገረውም በዋጋ ቋንቋ ነው። ይህ የሆነው ሦስት ነገሮች ስለተገጣጠሙ ይመስለኛል፤ የተወሰደው ነገር ከሕግ ጋር ሳይጋጭ መልሶ መሠራት የሚችል ነበር፤ ገበያው የጎደለውን ነገር ለይቶ የሚያሳይ ዋጋ አወጣለት፤ የዚህ ዋጋ ትርፍ የሚሄደውም ወደ አምራቹ ሳይሆን ወደ ሌላ ኪስ ነበር። የመጨረሻው ቸል የሚባል አይደለም።

ቅሬታው ሲሸጥ

ከዚያ በኋላ የታየው ልማድ መከራከሪያውን ያጠናክረዋል፤ በመጠኑም ያሳስባል። በ2022 በ1,250 ቁጥር የተወሰነ፣ የ1973ቱን ታዋቂ ባለዳክዬ ጅራት መኪና የሚያስታውስ፣ ማንዋል ካምቢዮ ያለው «ስፖርት ክላሲክ» ወጣ። በ2023 የሞዴሉን 60ኛ ዓመት ለማክበር በ1,963 ቁጥር የተወሰነው ኤስ/ቲ ተከተለ፤ እርሱም ማንዋል ብቻ ነው። ሁለቱም ዋጋቸው ከመደበኛው 911 እጅግ ይርቃል። እንግዲህ ኩባንያው ወደ ኋላ የወጡትን ከኋላ በር ጠብቆ የሚቀበልበትን መንገድ አግኝቷል ማለት ይቻላል። ቅሬታው ሰሚ አገኘ፤ መልሱ ግን በተወሰነ ቁጥርና በከፍተኛ ዋጋ የሚሰጥ ሸቀጥ ሆነ። በመደበኛው መስመር ላይ ቀድሞ ማንም የሚያገኘው ነገር የልዩዎች ምልክት ሆኖ ተመለሰ።

እዚህ ላይ የዚህን ጥናት አንድ ወሰን መግለጽ ይገባል። ቅሬታ የሚያሰማውና መኪና የሚገዛው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ አዲስ 911 የመግዛት አቅም የሌላቸው፣ አሮጌ የሚጠግኑ ወይም እንደ እኔ ከሩቅ የሚያነቡ ናቸው። አንዳንድ ተንታኞች በዚህ ምክንያት የእነርሱን አስተያየት ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። በዚህ አልስማማም። ገዢው የሚከፍለው ለዝናውም ጭምር ነው፤ ዝናውን ጠብቀው የሚያቆዩት ደግሞ እነዚህ የማይገዙት ናቸው። አሮጌውን እየጠገኑ፣ እየሰበሰቡ፣ እየተከራከሩ የሚያኖሩት ትርጉም በአዲሱ ዋጋ ውስጥ ተካቶ ይሸጣል። ስለዚህ የእነርሱ መውጣት ገንዘብ ባይቀንስም ትርጉምን ሊቀንስ ይችላል፤ አምራቹም ይህን የሚያውቅ ይመስላል።

የ2024ቱ ለውጥ

በሜይ 2024 ኩባንያው ለመንገድ የተሠራ 911 ለመጀመሪያ ጊዜ የኤሌክትሪክ ድጋፍ ያለው ሞተር ተገጥሞለት መቅረቡን አስታወቀ። ለውጡ የተጀመረው ጂቲኤስ በተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ክብደቱ ከቀዳሚው ወደ 50 ኪሎ ግራም ጨመረ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ብቻ ነው። በዚሁ ጊዜ ሁለት ትናንሽ ለውጦች አብረው መጡ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በክሩስኮቱ መካከል የነበረው ባለቀስት የሞተር ዙር ቆጣሪ በስክሪን ተተካ። ከመሪው በስተግራ በእጅ ይዞር የነበረው ማስነሻም የሚጫን ቁልፍ ሆነ።

በዚህ ጽሑፍ የቀረበው መከራከሪያ ትክክል ከሆነ እነዚህ ለውጦች እኩል ዕድል አይኖራቸውም። የኤሌክትሪክ ድጋፉ እንደ ውኃው ነው፤ ከጭስ ደንብ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ የትኛውም የገበያ ምልክት አይቀለብሰውም። ቀስቱና የሚዞረው ማስነሻ ግን እንደ ማርሹ እንጨት የሰውን እጅና ዓይን የሚመለከቱ፣ ሕግ የማይከለክላቸው ናቸው። እነርሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተወሰነ ቁጥር በሚሠራ ውድ ሞዴል ላይ ቢመለሱ አይደንቀኝም። ካልተመለሱ መከራከሪያው መታረም ይኖርበታል፤ ይህን ለመፈተን የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ኋላ የሚወስደው በር ራሱ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ ሌላ ጥያቄ ነው። ጭስ የሚበዛባቸው መኪኖች ወደ ከተማ እንዳይገቡ በሚከለከሉባቸው የአውሮፓ አገሮች አሮጌ መኪና መያዝ እየከበደ ነው። በጀርመን ግን ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውና በመጀመሪያ ይዞታው በደንብ የተጠበቀ መኪና፣ የቴክኒክ ቅርስ ተብሎ ልዩ ሰሌዳ ሊያገኝና ከእገዳው ነጻ ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚመለከተው ዕድሜንና ይዞታን ነው፤ ሞተሩ በአየር ይቀዝቅዝ በውኃ አይጠይቅም። የመጀመሪያዎቹ 996 መኪኖች 30 ዓመት የሚሞላቸው በ2027 ነው። በማርች 1998 ከፋብሪካ የወጣው የመጨረሻው በአየር የሚቀዘቅዝ 911 ደግሞ 2028ን መጠበቅ ይኖርበታል።